የሄኑካሬ መንታ

እንሽራህ በሆዷ ተኝታ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ብርሃኑ የሼክ አቡ ሰነድ መቃብር ቤት ግድግዳ ላይ አረፈ፤ ቀስ እያለች ስታዘነብለው ከበሩ በስተቀኝ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል ወደ ተገነባው ድንጋይ ወረደና ፊቱን በአግድም አበራው። እስከ አሁን ጠፍጣፋ ይመስል የነበረው ድንጋይ ጉድጓድና ጉብታ አወጣ። መጀመሪያ የጥንት ነገሥታት ስም የሚከበብበት ሞላላው ቀለበት ታየ፤ ቀጥሎ በቀለበቱ ውስጥ ያሉት ምልክቶች አንድ በአንድ ጥላ ጣሉ።

"ኧረ ተነሺ ከመሬት! ልብስሽ አፈር በአፈር ሆነ" አሉ የመቃብር ቤቱ ጠባቂ ሐጃ ባድሪያ፣ በሩ ጥግ ቁጢጥ እንዳሉ። "የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ይንከባለላል እንዴ? ሰው ቢያይሽ ምን ይላል?"

"ሼኩን ልትሳለም መጣች ይላል። እባክዎ ሐጃ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ ጥላዎ ወደቀብኝ።"

"አሁን ደግሞ ጥላዬም አስቸገረ! ዕድሜዬን ሙሉ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።"

ጠጋ አሉ፤ ዐይናቸውን ግን ከድንጋዩ አልነቀሉም። እንሽራህ ይህን ልብ ያለችው በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ይህ ቤት ይፈርሳል። የመስኖ ቦዩን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ሊሰፋ ነው፤ የሼኩ አጥንት ወደ መንደሩ መቃብር ይዛወራል፣ ድንጋዩም ተነቅሎ ይወሰዳል። ያልታወቀው የት እንደሚወሰድ ነው። በመንደራችን በናግዕ ዘይዳን ከጥንት ፍርስራሽ ተለቅሞ ግድግዳ የሆነ ድንጋይ ሞልቷል፤ አብዛኛው ቁጥር ይሰጠውና የቅርስ መጋዘን ገብቶ አቧራ ይለብሳል። ይኼኛው ግን ንጉሥ አለው ይባላል። ንጉሡ በእርግጥ የነበረ ሰው ከሆነ ድንጋዩ ሶሃግ ሙዚየም ይገባል፤ ከሥሩም ያገኘው ሰው ስም ይጻፍለታል። ካልነበረ ግን መጋዘን ነው። ይህን አጣርታ ለኮሚቴው እንድታሳውቅ የታዘዘችው የወረዳዋ የቅርስ ተቆጣጣሪ እንሽራህ ናት፤ ድንጋዩን ያገኙት ደግሞ አባቷ ናቸው። አለቃዋ ሂልሚ ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ፈልጎ ነበር፤ ሌላ ሰው ግን አልነበረውም።

ንጉሡ ሄኑካሬ ይባላል። በየትኛውም የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሐውልት የለው፣ መቃብር የለው፣ ልጅ የለው። በዓለም ላይ ያለው ምስክር ይህ አንድ ድንጋይ ነው፤ ለድንጋዩ የሚከራከሩለት ደግሞ አባቷ ኡስታዝ ሻዝሊ ብቻ ናቸው። ኡስታዝ በመንደራችን ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት፤ ከራምሴስ አስቀድመው ሄኑካሬን ነበር የሚያስተምሩን። ፈተና ላይ ስለማይወጣ ብዙዎቻችን አልደከምንበትም። ካይሮ ላሉ ምሁራን ይጽፋሉ፤ ምሁራኑም ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ድንጋይ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም ብለው በትሕትና ይመልሱላቸዋል። ሻይ ቤት የሚውሉት "የሄኑካሬ ሚኒስትር" ይሏቸው ነበር።

"ሚኒስትር፣ ንጉሡ ደመወዝ ጨመሩልህ?"

"ከየት አምጥተው! እንዳንተ ያለ ዜጋ መች ግብር ከፍሏቸው ያውቃል?" ብለው ይስቃሉ። ቤት ሲገቡ ግን እራት ሳይበሉ ይተኛሉ፤ ይህን የምታውቀው እንሽራህ ብቻ ነበረች።

አሁን ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። ደማቸው በማሽን እየታጠበ ነው የሚኖሩት፤ ከማሽኑ በተነሱ ቁጥር ትንሽ እያነሱ ይመጣሉ። "ሄኑካሬ ሙዚየም ሲገባ ልየውና ከዚያ በኋላ አላህ የፈቀደውን ያድርገኝ" ይላሉ። ሌላ የሚመኙት ነገር የላቸውም።

"አንቺና ንጉሡ መንታ ናችሁ" እያሉ ነው ያሳደጓት። እሷ የተወለደች ሰሞን እናቷ፣ በጉ ሼክ አቡ ሰነድ ደጅ ካልታረደ ብላ ሙጭጭ አለች። ኡስታዝ እንዲህ ያለ ነገር አጥብቀው የሚጠሉ ሰው ነበሩ፤ አራስ ግን ምን ትደረጋለች፣ እያጉረመረሙ በጉን ጎትተው ሄዱ። ከታረደ በኋላ ደሙን ለማጠብ ግድግዳው ላይ ውሃ ሲደፉ፣ ስንት ጊዜ አጠገቡ ያለፉት ድንጋይ ላይ ቀለበት ብቅ አለ። ልጃቸውንና ንጉሣቸውን በአንድ ሳምንት አገኙ።

እንሽራህ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረገችው። በቀለበቱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ከሁለት ቁም ጭረቶች በስተቀር፣ የታወቀ ነገር ነው። ሁለቱ ጭረቶች ባይኖሩ ስሙ በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚገኝ የአንድ ዝነኛ ንጉሥ ስም በሆነ ነበር። ሄኑካሬን ሄኑካሬ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ፎቶግራፋቸው የአባቷ አልጋ ራስጌ ላይ ተሰቅሎ ስታየው አድጋለች። እንዲህ በአግድም ብርሃን ግን አይታቸው አታውቅም፤ መንታ ወንድሙን የሚመረምር ማን አለ።

ጣቷን ሰደደች። መሮ የቆፈረው ነገር ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ሁለቱ ጭረቶች ግን መሐላቸው ጠልቆ ወደ ጫፍና ጫፋቸው እየሳሱ ይሄዳሉ፣ እንደ ጀልባ ሆድ። ውስጣቸውም ልስልስ ነው። እንዲህ ያለውን ጭረት በየቤተ መቅደሱ ምሰሶ ላይ ሲያሳዩአት ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። የንጉሥ ጸሐፊ የሠራው አይደለም። ሰዎች ድንጋዩን ፍቀው ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው ሲጠጡ የሚቀር ነው።

እንደገና ነካችው፤ ከዚያም እንደገና። ያው ነው። መስታወቱን በፊቱ መሬት ላይ ደፋችው። ስለ አባቷ አሰበች።

"ሐጃ፣ እዚህ ጋ ሴቶች ይፍቁ ነበር?"

"የምን መፋቅ? እኔ ምንም አላየሁም።" ሐጃ ባድሪያ ወደ ቦዩ ዞሩ። "ኡስታዝ የከለከሉትን ማን ይደፍራል? ዱላ ይዘው ነበር የሚያባርሩ።"

"ከእሳቸው በፊትስ?"

"ቅጣት አለው?"

"የለውም።"

"ማዪልኝ።"

"ወላሂ የለውም። ለራሴ ነው የምጠይቅዎ።"

አሮጊቷ ጥቁር ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሲናገሩ ድምፃቸው እዚያው ሻሹ ውስጥ ቀረ። "ወንዶቹ የአርብ ሶላት ላይ እያሉ ነበር የሚመጡ። መውለድ ያቃታት፣ የወለደችው የማያድግላት። ቀለበቱ ውስጥ ካልሆነ አይዝም ይባል ነበር። ቀለበቱ ማሕፀን ነው፣ ውጪውን ብትፍቂ ይፈሳል ነው የሚሉት። ያችኛዋን ጭረት አማቴ የመቃብር ቤቱ ጠባቂ በነበረች ዘመን ብዙ ሆነው ነው የፋቋት። ይቺኛዋ ግን የአንድ ሰው ናት።"

"የማን?"

ሐጃ መንገዱን ግራ ቀኝ አዩ። አንድ ትራክተር ሸንኮራ ጭኖ እስኪያልፍ ድረስ ጠበቁ።

"አስምላኛለች። በአንቺ ነፍስ ነው ያስማለችኝ፣ ገና በሆዷ ሳለሽ። አሁን ግን ሼኩም ሊነሱ ነው፣ እኔም ዛሬ ነገ ሟች ነኝ፤ ማን ይዞት ይቀራል? እናትሽ ናት፣ ልጄ።"

እንሽራህ ዞራ ጭረቱን አየችው።

"ሁለት ቀብራለች ከአንቺ በፊት። አንደኛው ሳያለቅስ የተወለደ ነው፣ ሁለተኛዋ አርባ ቀን አልሞላትም። ከሁለተኛዋ በኋላ አርብ አርብ ትመጣ ጀመር። እዚህ፣ አሁን አንቺ ያለሽበት ተንበርክካ፣ ከመንገድ እንዳትታይ ጎንበስ ብላ ትፍቃለች። ድምፅ የላትም። ዕንባዋ ብቻ ነው ዱቄቱ ላይ ጠብ ጠብ የሚል። እኔ ውሃ አቀብላታለሁ፤ ትጠጣና አፏን ጠርጋ ሩጫ ነው፣ እሳቸው ከሶላት ሳይመለሱ ምሳ ማቅረብ አለባት።"

"በምን ነበር የምትፍቀው?"

"በቤታችሁ ቁልፍ።"

እንሽራህ ቦርሳዋን ከፈተች። ከትዳሯ ተመልሳ ከአባቷ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ያ ረጅም የብረት ቁልፍ ከእሷ ጋር ነው የሚውለው። ጥርሱ ተበልቷል፤ በሩን ለመክፈት ማንሳትና መግፋት ያስፈልጋል። አባቷ በየጊዜው "ይሄን ቁልፍ ምን በላው?" እያሉ ይቆጡበት ነበር፤ እናቷ በሕይወት ሳለችም ይቆጡበት እንደነበር ትዝ ይላታል፤ እናቷም "ብረቱ ርካሽ ነው" ትላቸው ነበር። የቁልፉን ጫፍ በጭረቱ ውስጥ አስገባችው። ከላይ እስከ ታች ያለ አንዳች እንቅፋት ተንሸራተተ።

እዚያው ድንጋዩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቷ አፈር ሆኖ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሐጃ ባድሪያ አላባበሏትም። ውሃ በጣሳ አምጥተው አጠገቧ አስቀመጡላት።

ወደ ከተማ የሚወስደውን ሚኒባስ ስትጠብቅ ሂልሚ ደወለ።

"እህ፣ ንጉሥ ነው ወይስ ድንጋይ?"

ነገረችው። የእናቷን ነገር ዘልላ ስለ ጭረቶቹ ብቻ ነገረችው። ሂልሚም የኡስታዝ ተማሪ ነበር።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"በጣቴ ነካሁት።"

"ስሚኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "'ሊሆን ይችላል' ብለሽ ጻፊ። ኮሚቴው ካንቺ ቃል አልፎ ወርዶ አያይም። ድንጋዩ ሙዚየም ይገባል፣ ኡስታዝ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ጎበዝ መጥቶ ስህተት ነው ቢል ማን ይጎዳል?"

"ውሸት ነዋ፣ ሂልሚ።"

"ነው። እኔ እውነት ነው አላልኩሽም። አባትሽ ናቸው፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ስብሰባው ከቀትር በኋላ ነው፣ ያኔ እደውላለሁ።"

ሚኒባሱ ውስጥ ከመስኮቱ ጎን ተቀመጠች። ሂልሚ ያለው ከባድ አልነበረም፤ ሁለት ቃል ነው። አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች በሙዚየሙ አዳራሽ ስትሄድ ታያት፤ ስማቸውን በመስታወቱ ሥር ሲያነቡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ታያት። ያንን ቀን ልትሰጣቸው ትችላለች። ግን ያን ቀን ከሰጠቻቸው ጭረቱ ለዘለዓለም የሄኑካሬ ፊደል ሆኖ ይቀራል፤ አርብ አርብ ተንበርክካ የፋቀችው ሴት ከዚያ ድንጋይ ላይ ትፋቃለች። ደግሞም ከዚህ በፊት ያልተፋቀችበት ቦታ የለም።

እናቷ የሞተች ቀን የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ "የኡስታዝ ሻዝሊ ባለቤት አርፈዋል" ነበር ያለው። እኛ አገር የሴት ስም ከቤት አይወጣም። ወንድ ልጅ የእናቱን ስም ጓደኞቹ እንዳያውቁበት እየደበቀ ነው የሚያድገው፤ ባል ሚስቱን በወንዶች ፊት በስሟ ከሚጠራ ራቁቱን ገበያ ቢወጣ ይመርጣል። ኡስታዝ ሻዝሊ ስንቱን ልማድ ሲዋጉ ኖረው ከዚህኛው ጋር ግን ተጣልተው አያውቁም። በሕይወት ሳለች "የቤት ሰዎች" ይሏት ነበር፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ ለልጃቸው "እናትሽ" ይላሉ። እንሽራህ የእናቷን ስም ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም።

በሆስፒታሉ የደም ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ያጉረመርማሉ። ኡስታዝ ሻዝሊ መስኮቱ አጠገብ ክንዳቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ሁሉ ሰው "ዓም"፣ አጎት ማለት ነው፣ እያለ የሚጠራቸው ባሲሊ አሉ፣ መጋዝ ከእጃቸው የወደቀባቸው አናጺ። ሁለቱ በአንድ ቀን ነው ማሽን የጀመሩት፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ። ሌሎቹ ሕመምተኞችም ወንዶች ናቸው፣ የእነሱን ጭቅጭቅ እየሰሙ ነው ሰዓቱን የሚገፉት።

"መጣች የቤተ መንግሥቱ መልእክተኛ!" አሉ ዓም ባሲሊ። "ንግሥናው ጸደቀ? ካልጸደቀ ዙፋኑን ለእኔ ስጡኝ።"

"አንተ በምን ትነግሣለህ? በምስማር?"

"ያንተ ንጉሥ በጭረት ነግሦ የለም እንዴ! ከጭረት ምስማር አይሻልም?"

ክፍሉ ሳቀ። ኡስታዝም ሳቁ፤ ልጃቸውን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ልብስሽ አፈር ነው" አሉ። "ተኝተሽ አይተሽዋል ማለት ነው። ጎበዝ። ንገሪኝ።"

"ቤት ስንገባ እንነጋገራለን፣ አባዬ።"

"ቤት ስንገባ እተኛለሁ። ደሜ ታጥቦ የምነቃው እዚህ ነው። ተናገሪ።"

"አባዬ... ሊሆን ይ—"

"ተይ" አሉ፤ ያልተያዘ እጃቸውን አነሱ። "'ሊሆን ይችላል' እንዳትዪኝ። ሐኪሙ በመጣሁ ቁጥር እሱኑ ነው የሚለኝ። ትድን ይሆናል፣ ትሻል ይሆናል። አንቺ ደግሞ አትጨምሪበት፣ ልጄ። ነበረ ወይስ አልነበረም?"

እንሽራህ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች። የምትለውን በሚኒባሱ ውስጥ አዘጋጅታ ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም ጠፋት።

"አልነበረም" አለች።

ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ነርሷ መጥታ አጥፍታው ሄደች። 

"ሁለቱ ጭረቶች?"

"የመሮ አይደሉም። የተፋቁ ናቸው። መሐላቸው ጠልቆ ጫፋቸው የሳሳ ነው።"

"ነክተሽዋል?"

"ነክቼዋለሁ።"

ኡስታዝ ዐይናቸውን ጨፈኑ። "እኔ ነክቼው አላውቅም" አሉ። "አንድም ቀን። ሴቶቹ እጃቸውን እንዳያሳርፉበት ከልክዬ፣ እኔው ራሴ ድንጋይ ስዳብስ ሰው ቢያየኝ ምን ይባላል ብዬ። ኡስታዝ ሻዝሊም በረከት ፈላጊ ሆነ ይሉኛል ብዬ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው ስመለከተው የኖርኩት።" ያልተያዘ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "ጣት ብሰድ ኖሮ በዚያው ቀን አውቀው ነበር።"

ዓም ባሲሊ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የቀለደ ሰው አልነበረም።

"እንግዲህ ሙሉ ዕድሜዬን" አሉ ኡስታዝ፤ አልጨረሱትም። ዕንባቸው ወረደ፤ አንዱ እጃቸው ከማሽኑ ጋር ታስሯል፣ ሌላውን ግን አላነሱትም። እንሽራህ በመሐረቧ ጠረገችላቸው። አባቷ ሲያለቅሱ እናቷ የሞተች ጊዜ እንኳ አላየችም።

ከዚያ ቁልፉን አወጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አንደኛው ጭረት በዚህ ነው የተፋቀው።"

ኡስታዝ ቁልፉን አነሱት። ገለባበጡት። የተበላውን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ደጋግመው ዳበሱ። ለመረዳት ጊዜ ፈጀባቸው፤ እንሽራህ መረዳታቸው ፊታቸው ላይ ሲመጣ አየችው።

"ይሄ የቤታችን ቁልፍ ነው።"

"አዎ፣ አባዬ።"

"አርብ አርብ ነበር?"

"አንተ ሶላት ላይ እያለህ። ከሕፃኗ በኋላ ነው የጀመረችው። እኔ እስክመጣ ድረስ።"

"በጉ እዚያ ካልታረደ አለችኝ" አሉ ኡስታዝ ለራሳቸው። "አኩርፌ ነበር የሄድኩት።" ቁልፉን መለስ አድርገው አዩት። "አንድ ማታ እራት ላይ የጎረቤታችንን ሚስት ሳማ ነበር። ድንጋይ ስትፍቅ አግኝቼ ያባረርኳትን። ድንጋይ ጠጥታ ምን ልትወልድ ነው፣ አለት ነው? አልኩ። ሳቅሁ። እናትሽ ሳህኑን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ሻይ አምጪ ብዬ ጮህኩ።"

"አታውቅም ነበር።"

"አልጠየቅኋትማ። ሁለት ልጅ የቀበረችን ሴት እንዴት ነሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ካይሮ ግን በየወሩ እጽፍ ነበር።" ቁልፉን ደረታቸው ላይ ያዙት። "መንታ ናችሁ እያልኩሽ ስቀልድ... እውነቴን ኖሯል። አንዲት እናት ናት የወለደቻችሁ።"

የእንሽራህ ስልክ ጮኸ። ሂልሚ ነበር። ልትወጣ ስትነሳ አባቷ "እዚሁ አናግሪው" አሉ፤ ድምፁን ከፈተችው።

"ኮሚቴው ተቀምጧል" አለ ሂልሚ። "ምን ልበላቸው?"

"ንጉሥ የለም በላቸው" አለች እንሽራህ።

ሂልሚ ተነፈሰ። "ይሁን። መጋዘን ማለት ነው። ሁለቱን ጭረቶች እንደተለመደው አድርጌ ነው የምጽፋቸው፤ የኋላ ዘመን ጉዳት።"

"ጉዳት አይደለም" አሉ ኡስታዝ ሻዝሊ።

"ኡስታዝ? እርስዎ ነዎት? ሰላም ለእርስዎ፣ ጌታዬ... እኔ እንኳን—"

"ሰላም ላንተ ይሁን፣ ሂልሚ። አንተ ልጅ፣ ድሮም ጥያቄውን አንብበህ ሳትጨርስ ነበር የምትመልሰው። ጉዳት አይደለም ነው የምልህ። አንደኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የብዙ ሴቶች ነው። ሁለተኛው የሠራው ሰው ይታወቃል። ስም ጻፍበት።"

"የማን ስም ልጻፍ፣ ኡስታዝ?"

ኡስታዝ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ከማሽኖቹ ጋር የታሰሩት ወንዶች ሁሉ እየሰሙ ነበር፤ ግማሾቹ የመንደራችን ሰዎች ናቸው፣ ማታ ሻይ ቤት ይገናኛሉ። ዓም ባሲሊም ከመስኮቱ ፊታቸውን መለሱ። እንሽራህ ስልኩን ልትዘጋው እጇን ዘረጋች፤ አባቷ እጇን ያዟት።

"ዊዳድ" አሉ።

የመምህርነት ድምፃቸው ነበር፤ የኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማው።

"ዊዳድ አብደልሙጢ። ባለቤቴ ናት።"

 ከዚያ የሂልሚ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ፣ "ይድገሙልኝ፣ ኡስታዝ፣ ልጻፈው" አለ፤ እሳቸውም ደገሙለት።